ጾም ሌላ፣ መጸየፍ ሌላ

ዓሣ አራጅ አይፈልግም። «በስመ አብ»ም «ቢስሚላህ»ም ሳይባልበት ከውኃ ወጥቶ ለምግብ ይሆናል። በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች ቡናውንም ሐዘኑንም ተካፍለው፣ ሥጋ ሲመጣ ግን «ማን ባረከው?» ተባብለው ለየብቻ ይቀርባሉ። ስለዚህ ጋምቤላ ውስጥ ባሮ ዳር ያሉትን ዓሣ ቤቶች እንደ ተራ ምግብ ቤት አላያቸውም። ሙስሊሙ ሾፌር፣ የመካነ ኢየሱሱ ወንጌላዊና የባሕር ዳሩ ኦርቶዶክስ እኔ፣ እጃችንን ወደ አንድ ትሪ እንሰዳለን። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ፤ የእኔ ጥያቄ በፍስክም አይለቅም።)

ጥያቄው የሚመጣው ከአምባዛ ጋር ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ሙልጭ ያለ፣ አፉ ዙሪያ ጢም የተንጠለጠለበት ዓሣ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት ስለሚከለክል ብዙዎቻችን አንነካውም። አንድ ቀን ሙሉው አምባዛ ተጠብሶ አጠገባችን ላሉ ሰዎች ሲቀርብ አብሮኝ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ አፍንጫውን ያዘ። የቤቱ ባለቤት፣ አኙዋክ እናት፣ አየችው። «መምህር፣ ለእናንተ ቅርፊት ያለውን አመጣለሁ» አለችና የሰዎቹን ሳህን በሌላ ሳህን ከደነችው። እሱም አልበላም፣ እኔም አልበላሁም። እሷ ቆማ ከምታይበት ቦታ ሁለታችንም አንድ ነን። ልዩነት ካለን የቱ ላይ ነው?

የሚጾም ሰው የተወው ነገር መልካም መሆኑን ያውቃል። ቅቤ ክፉ ቢሆን ኖሮ መተዉ ምን ዋጋ ነበረው? የሚጸየፍ ግን በምግቡ ላይ ይፈርዳል፤ ፍርዱ ከድስቱ ወደ ባለድስቷ ለመሻገር ጊዜ አይፈጅበትም። ባደግሁበት ጣና ዳር ይህ ሆኗል። ነገደ ወይጦዎች ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑ ከእነሱ ጋር ማዕድ አይቀርብም ነበር፤ እስልምናን ይዘውም ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው እንደ ሙሉ ሙስሊም አይቆጥሯቸውም ነበር። የሠሩትን የደንገል ታንኳ ግን ማንም አልተጸየፈውም!

አፍንጫ መያዝ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። እኅቴ የምትኖረው ቨርጂኒያ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር ነው። እዚያው አቅራቢያ፣ ፎልስ ቸርች፣ ባንኮክ ጎልደን የሚባል የታይ ምግብ ቤት ነበር። በልጅነቷ ከላኦስ የተሰደደችው ሼፍ ሴንግ ሉዋንግራት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ስትረከበው ሜኑውን የታይ እንደሆነ ተወችው፤ የአገሯን የላኦ ምግብ ከሜኑ ውጭ፣ ለጠየቀ ታቀርብ ነበር። ኋላ ቤቱ ስሙ ተለውጦ ፓዴክ ተባለ። ፓዴክ ላኦዎች ዓሣ በጨው አብላልተው የሚሠሩት፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ማጣፈጫ ነው። ፈረንጅ አፍንጫውን የሚይዝበት ነገር በር ላይ ተጻፈ ማለት ነው። እኅቴ ተጣባቂውን ሩዝ በእጇ እየጠቀለለች በልታ «ጉርሻ ብቻ ነው የቀረው» ብላኛለች።

በላኦስና በታይላንድ የቡድሃ መነኮሳት ማለዳ የምጽዋት ሳህናቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሰው ያኖረላቸውን ሳይመርጡ ይቀበላሉ፣ ከቀትር በኋላ አይበሉም። ሰዓት መጠበቁን እኛም እናውቀዋለን። የገረመኝ ሌላው ነው፤ ለእነሱ ተብሎ የታረደ መሆኑን ያወቁትን ሥጋ አይቀበሉም። ጥያቄ አላቸው፣ ግን ጥያቄያቸው «በእኔ ምክንያት ነፍስ ጠፍቷል ወይ?» የሚል፣ ወደ ራሳቸው የዞረ ነው።

«ኦሪት ራሱ ጸያፍ ይለው የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይለዋል፤ ግን «ለእናንተ» እያለ፣ ሕጉን ለተቀበለው ወገን። ለሌላው ሰው ሳህን ዳኛ አድርጎ አልሾመኝም። ጴጥሮስም በኢዮጴ ሰገነት ላይ በራእይ ርኩስ የተባሉ እንስሳት ያሉበት ሸማ ሲወርድለት «አይሆንም» ብሎ ተከራክሯል። ራእዩ የምግብ ሕጉን ሽሯል ወይስ አልሻረም በሚለው እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እሱ ራሱ ከአሕዛብ ወገን በሆነው በቆርኔሌዎስ ቤት ገብቶ ሲፈታው ግን ነገሩን ወደ ሰው ነው የወሰደው፤ ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል እንደታዘዘ ተናገረ። ስለዚህ የቅርፊቱን ሕግ ብጠብቅም አፍንጫዬን የምይዝበት ፈቃድ የለኝም።

አስቸጋሪው ያለው አንድ ድስት ብቻ ሲሆን ነው። እዚያው ጋምቤላ፣ አቦቦ ወረዳ አንድ ቤት ተጋብዤ የበቆሎ ገንፎና የአምባዛ ወጥ ቀረበ። ሆዴን አመመኝ ማለት ይቀል ነበር፤ ብዙ ደገኛ እንደዚያ ይላል፣ ባለቤቶቹም ውሸት መሆኑን ያውቁታል። እኔ ገንፎውን በደንብ በላሁና «ዓሣው መልካም ነው፣ ሕጉ ያለው እኔ ላይ ነው» አልኳቸው። አባወራው ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ሕግህ ለእኛ ተመችቶናል» ብሎ የእኔን ድርሻ ለትልቁ ልጁ ሰጠው።