የሸክላ ሠሪዋ ዝምታ

አያቴ ቢቸና ገበያ ላይ ማሰሮ የምትገዛው በጆሮዋ ነበር። አንሥታ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርግና ታዳምጣለች፤ ድምፁ ከጠራ ስንጥቅ የለውም። በሌላ እጇ ግን የነጠላዋን ጫፍ ፊቴ ላይ ትጥልብኛለች። ከሸክላ ሠሪዎቹ ዘወር ስንል «ዓይናቸው ክፉ ነው» ትለኝ ነበር። ማታ በዚያው ማሰሮ የተሠራውን ወጥ አብረን እንበላለን። ክፉ ሴት አልነበረችም። ነገሩ እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝም ለዚሁ ነው፤ ጥላቻን መጀመሪያ የሰማሁት ከምወዳት ሰው አፍ ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ባለ እጁን ሁሉ በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አልሞተም።

ይህን እያወቅሁም ለብዙ ጊዜ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል ሕግ ይውጣ ከሚሉት ወገን ነበርሁ። ይበልጥ ያጸናኝ የሞጣ ነገር ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ ሞጣ ውስጥ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ። ቀደም ብሎ ቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ የሚል ወሬ እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። ለቅሶና ሠርግ የሚጠራራ ጎረቤት በአንድ ወሬ እንዲህ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 5 ቀን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አጸደቀ። ለጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ፤ ጥቃት ካስከተለ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት። እሰይ አልሁ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አነበብሁት። ብሔር ይላል፤ ሃይማኖት፣ ዘር፣ ጾታ፣ አካል ጉዳት ይላል። ሙያ የለም። ምኒልክ ያሰቧት ባለ እጅ እዚህ ውስጥ የለችም። ይጨመር ልል ነበር፤ ግን ቢጨመርስ? አያቴን በነጠላዋ ጫፍ ማን ይከሳታል?

ሌላም ጥርጣሬ መጣብኝ። በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ተነሣ። አስቀድሞ አቤት ብሎ ነበር፤ ሰሚ ሲያጣ ጠመንጃ አነሣ፤ ከላይ የአውሮፕላን ቦምብ ወረደበት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታው ተነሡ፤ ለውዝፉ ግብርም ምሕረት ተደረገ። በዚያ ዘመን «ሐሰተኛ መረጃ» የሚል የዛሬው ዓይነት አዋጅ በገዥው እጅ ቢኖር ቀድሞ የሚታሰረው ያ አቤት ባይ አልነበረምን? ይህን ሳስብ፣ ሰው ሁሉ እንደልቡ ይናገር፣ እውነት ያሸንፋል ወደሚለው ሐሳብ አዘነበልሁ።

ግን ሞጣ አለች። እውነት እስክታሸንፍ መስጊዱ ይነዳል። «ሂዱ አቃጥሉ» የሚል ሰው ሐሳቡን እየገለጸ አይደለም፤ እያዘዘ ነው፤ እርሱን ሕግ ይያዘው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ያረጋገጠው ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ መግለጫ በሕግ እንዲከለከል ከሚል ቃል ጋር ነው።

ከዚህ በላይ የቸገረኝ ወሬው በተነሣ ጊዜ «ኧረ ተዉ፣ ጎረቤቶቻችን ናቸው» ለማለት አፉ ላይ ደርሶ የዋጠው ሰው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ከሰው ተለይቶ የሚናገረውን ካሣን ያኖሩት እዚሁ ቢቸና አጠገብ፣ ዲማ ነው። አገሬው «ጉዱ» አለው። ያንን ስም ያወጣለት አዋጅ አይደለም፤ ጎረቤቱ ነው። እኔም ከአያቴ ነጠላ ሥር ወጥቼ አንድ ቀን እንኳ «ተይ» አላልኋትም። የመናገር ነፃነት አልተከለከልሁም ነበር፤ እርሷን ማስቀየም ፈራሁ።

ካደግሁ በኋላ አንዲት ሸክላ ሠሪ ጠይቄ አውቃለሁ። ፀሐይ ላይ ምጣዶቿን ደርድራ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ዓይናችሁ ክፉ ነው ሲሏችሁ ለምን ዝም ትላላችሁ?»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ብመልስስ ልጄ፣ ነገ ምጣዴን ማን ይገዛኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ከምጣዶቿ አንዱን አንሥቼ፣ እንደ አያቴ፣ በጣቴ አንጓ መታሁት።