የተቆለፈችው ጓዳ



ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናትና በከዚራ ብዙ አሮጌ ቤቶች አሉ። ባለፈው ክረምት የአንዲት እናታችንን ቤት ክፍል በክፍል አደስን። የሳሎኑን ልስን ፋቅን፤ መኝታ ቤቱን ኖራ ቀባን። የየክፍሉን ኮተት ግን ወደ ጓዳ እያሸጋገርን ቆለፍንበትና «ቤቱ አማረ» አልን። እናታችንም «ልጆቼ፣ ምስጡ ያለው እዚያ ነው» አሉን። በማግሥቱ ስንከፍተው የበሩ መቃን በእጃችን ላይ ዱቄት ሆነ።

እኛስ? ጾሙን ጾምን፤ መዝሙሩን አጠናን፤ አንደበታችንን አረምን። ነገር ግን ጎን ለጎን ቆመን እየዘመርን ሰላም የማንባባል በመካከላችን አለን። ቂማችንን ጓዳ ቆልፈንበታል፤ ምስጡም ሥራውን አላቆመም።

በነህምያ ዘመን የኢየሩሳሌም ቅጥር በ52 ቀን ሲፈጸም፣ ከሠሪዎቹ ብዙዎች የጠገኑት በየቤታቸው ትይዩ ያለውን ነበር። የእኛም ሥራ ሩቅ አይደለም። ቁልፉ በእጃችን ነው። እንግዲህ መጪው ሰንበት ሳይደርስ ወደ ተቀያየምነው ወንድማችን ሄደን «ይቅር በለኝ» እንበል።

አምላካችን ይርዳን። አሜን።