በብሩ ላይ ያለው መልክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ ምእመናን፣ የሐረር አንጥረኞች የአንገት ጌጥና አምባር ሲሠሩ የኖሩት ጠገራ ብር እያቀለጡ ነው። ጠገራ የምንለው ማርትሬዛን ነው፤ የኦስትሪያ ንግሥት መልክ ያለበት፣ መቼም ይሠራ መቼ 1780 የሚል የአውሮፓውያን ዓመት የተጻፈበት። በዚህ ዐቢይ ጾም አንድ ወንድም ፈረስ መጋላ መድኃኔ ዓለም ደጅ ላይ አገኘኝና፣ «የባዕድ ንግሥት መልክ ካለበት ብር የአንገት መስቀል ባሠራ ኃጢአት ይሆንብኛል? በጥንት ጊዜማ ብር ላይ የሚቀረጸው ጣዖት ነበር አሉ» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ነበር። በጌታችን ዘመን የቀን ሠራተኛ ደመወዝ በነበረው የሮማውያን ዲናር ላይ የጢባርዮስ ቄሣር መልክ ነበረበት፤ ዙሪያውን ያለው ጽሕፈት የአምላክ የአውግስጦስ ልጅ ይለዋል። ጌታ ግን የማን መልክ እንደሆነ ጠየቀ እንጂ ጣሉት አላለም (ማቴ. 22፥15-22)። ብሩንም ያመጡት እኮ ሊፈትኑት የመጡት ራሳቸው ናቸው፤ ያውም በቤተ መቅደስ ግቢ! የእኛዎቹ የአክሱም ነገሥታትም ገንዘባቸው ላይ ጨረቃ ያስቀርጹ ነበር፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዒዛና ሲያምን በመስቀል ተተካ። መልክ ይለወጣል።

የጢሮስ ብር ነገር ግን ይገርማል። በአንድ ገጹ ሜልቃርት የተባለው የጢሮሳውያን ጣዖት ራስ፣ በሌላው ንስር ነበረበት። ብርነቱ የጠራ ስለሆነ ግን የኢየሩሳሌም ካህናት ለቤተ መቅደስ ግብር ይቀበሉት ነበር። የይሁዳ 30 ብርም ከዚሁ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ይሁዳ ሲመልስላቸው የደም ዋጋ ነውና መባ ሣጥን አይገባም አሉ (ማቴ. 27፥6)። አያችሁ? ጣዖቱ ያላሳፈራቸው ሰዎች በብሩ ታሪክ አፈሩ። ዋጋውን የከፈሉት ግን እነርሱው ነበሩ። እኛም ጌጡ ላይ ምን ተቀረጸ ብለን እንጨነቃለን፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ማለት ግን ይከብደናል።

«እሳቱ ንግሥቲቱን ያጠፋታል፤ ስለ እሷ አትጨነቅ። ብሩ እንዴት እጅህ ገባ?» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ፣ አያቱ ከጀጎል ጎረቤታቸው ለብድር መያዣ የወሰዱት እንደሆነ ነገረኝ። ብድሩ ተከፍሏል፤ ብሩ አልተመለሰም።

«የልጅ ልጆቻቸው አሉ?»

«አሉ፣ ሸዋ በር አጠገብ። ሙስሊሞች ናቸው» አለኝ፤ ነገሩን የሚያቀልለት መስሎት። አያቀልለትም። ነቢዩ ሕዝቅኤል መያዣ መመለስን ከንስሐ ሥራ ይቆጥረዋል (ሕዝ. 33፥15)። መስቀሉን ከሌላ ብር ያሠራ፤ ይህኛውን ከሆሣዕና በፊት ይዞ ሸዋ በር ይሂድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።