የመጨረሻ የወጣው ምን አደረገ?

በየዓመቱ የዲፓርትመንቶች ውድድር ሲያልቅ የምንጠያየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ዋንጫውን ማን በላው?» የበላው ይታወቃል፤ ሁለተኛውም በመጠኑ ይታወሳል። የመጨረሻ የወጣውን ግን የሚያነሣው ቢኖር ለቀልድ ነው። እኔ ልጠይቅ የምፈልገው ስለዚሁ ስለመጨረሻው ነው። ወቅቱን ሙሉ ተለማምዶ፣ ተሰልፎ፣ ተሸንፎ፣ በመጨረሻም ከሁሉ በታች የተጻፈ ሰው በርግጥ ምን አደረገ? ጊዜውን አባከነን? ወይስ እኛ የምንመዝንበት ሚዛን ያጣንለት አንዳች ሥራ ሠራ? ደግሞስ በእርሱ መሳቅ ይገባናልን?

ሁለት ጨዋታዎችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ፤ ቅርጫት ኳስንና ዋናን። በቅርጫት ኳስ ሽንፈት የጋራ ነው። አምስት ሰው ሜዳ ገብቶ ሲሸነፍ ጥፋቱ እንደ ድግስ ዳቦ ተቆርሶ ለሁሉም ይዳረሳል፤ አንዱ «ኳስ አላቀበለኝም» ይላል፣ ሌላው ዳኛውን ያማል፣ ሦስተኛው ቀለበቱ ጠማማ ነው ይላል (የአንዳንዱ ሜዳማ በርግጥም ጠማማ ነው)። በዋና ግን መሸሸጊያ የለም። መስመሩ ያንተ ነው፤ ሰዓቱም ያንተው ነው፤ ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ስምህና ቁጥርህ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ሰው ጉዳይ አጥርቶ የሚያሳየን ዋና ነው። ቅርጫት ኳስ የራሱ የሆነ ሌላ ጣጣ አለው፤ እርሱም የተጠባባቂ ወንበር ነው። ወደዚያ በኋላ እመጣለሁ።

ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2016) በሪዮ ዴ ጃኔሮ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ማጣሪያ ተደረገ። ኢትዮጵያዊው ሮቤል ኪሮስ ርቀቱን በ1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 ጨረሰ፤ ከ59 ዋናተኞችም 59ኛ ሆነ። ሌላው ቢቀር እዚህ ላይ ቢያበቃ ነገሩ በማግስቱ በተረሳ ነበር። አላበቃም። የሰውየው ሰውነት እንደ ሌሎቹ ዋናተኞች ሽንጠ ቀጭን ስላልነበረ ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ፤ «ዓሣ ነባሪው» የሚል ቅጽል ስምም ወጣለት። እዚህ አገር ቤት ደግሞ ሣቁ ከቁጣ ጋር ተቀላቀለ። በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ሰንደቅ ዓላማችንን ይዞ የተሰለፈው እርሱ ነበርና፤ አባቱም የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚደንት ነበሩና። እርሱ በበኩሉ ለጋዜጠኞች የሰጠው ምክንያት ቀላል ነበር፤ በኢትዮጵያ ሁሉም ሰው ይሮጣል፣ እኔ ግን የተለየ ነገር ማድረግ ፈልጌ ነው የሚል።

እንግዲህ በዚያ ክረምት በየቤቱ የተሰማው ነገር አንድ አልነበረም፤ ሁለት ነው። አንደኛው «ቦታው ለሚገባው ተሰጥቷል ወይ?» የሚል የፍትሕ ጥያቄ ነው። ይኼ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የትኛውም ዜጋ ሊጠይቀው መብት አለው። ሁለተኛው «ቦርጩን እዩት!» የሚል ነው። ይኼ ጥያቄ አይደለም። የሚገርመው ግን ሁለተኛው በአንደኛው ካባ ተሸፍኖ መውጣቱ ነው። ሰው በሌላ ሰው ገላ መሳቅ ነውር መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ምክንያት ይፈልግለታል፤ «እኔኮ የምስቀው ስለ ሙስና ነው» ይላል። ዘመድ ለዘመድ መሾም በየመሥሪያ ቤቱ ሲደረግ ግን እንዲህ አልሳቅንም፤ እንዲያውም ዝም ነው ያልነው። ሙሰኛው ቀጭን ሲሆን ቁጣችን የት ይሄዳል?

ሣቁ ስለ ፍጥነት ነበር የሚል ካለ ደግሞ በቁጥር እንነጋገር። መስከረም 9 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ የኢኳቶሪያል ጊኒው ኤሪክ ሙሳምባኒ በዚሁ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ተወዳደረ። አብረውት የተሰለፉት ሁለቱ ዋናተኞች ከምልክቱ በፊት ዘለው በመግባታቸው ተሰረዙ፤ ብቻውን ዋኘ። ሲለማመድ የኖረው በአንድ ሆቴል አጭር ገንዳ ውስጥ ነበርና የ50 ሜትሩ ገንዳ መጨረሻው አልታይ አለው። ወደ ማብቂያው ሲቃረብ የሚሰምጥ እስኪመስል ድረስ ደክሞ፣ ሕዝቡ ቆሞ እያጨበጨበለት፣ በ1 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ከ72 ጨረሰ። ስሌቱን ሥሩት። ሮቤል ኤሪክን በ47 ሰከንድ ከ77 ይበልጠዋል። በሪዮ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው የ18 ዓመቱ አውስትራሊያዊ ካይል ቻልመርስ መቶ ሜትሩን በሙሉ የጨረሰው በ47 ሰከንድ ከ58 ነው። እንግዲህ በሁለቱ «መጨረሻዎች» መካከል ያለው ርቀት ሻምፒዮኑ ገንዳውን ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ ያክላል! ሆኖም ዘገምተኛው ተጨበጨበለት፣ ፈጣኑ ተሣቀበት። ታዲያ ሣቁ ስለ ሰዓቱ ነበር ማለት እንዴት ይቻላል?

ለኤሪክ የተደረገለት ጭብጨባም ቢሆን ንጹሕ ነው ብዬ አልከራከርም። ከድሀ አገር መጥቶ ሊሰምጥ የደረሰ ሰው ሲያዩ መራራት ደስ ይላል፤ ርኅራኄ ለሰጪው የሚጣፍጥ ነገር ነው። ማስረጃው ደግሞ በኋላ መጣ። ኤሪክ ተስፋ ሳይቆርጥ ተለማምዶ ሰዓቱን እጅግ ካሻሻለ በኋላ ለአቴንስ 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004) ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ በቪዛና በወረቀት ጣጣ ሳይሄድ ቀረ። ያን ጊዜ ያጨበጨበለት አልነበረም። እርሱ ግን አልተወውም፤ ቆይቶ የአገሩ የዋና ቡድን አሠልጣኝ ሆነ።

አሁን ወደ ፍትሕ ጥያቄው ልመለስ፤ ምክንያቱም ከሣቁ ብንለየው እንኳ ጥያቄው አይሞትም። አርስቶትል ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምሳሌ አለው። ጥሩ ዋሽንቶች ቢኖሩ ለማን ይሰጡ? በዘር ለሚበልጠው ወይስ በመልክ? ለሁለቱም አይደለም፤ አሳምሮ ለሚነፋው ነው ይላል። በዚህ ሚዛን ከሄድን መልሱ ያለቀ ይመስላል፤ የፕሬዚደንት ልጅም ሆነ የገበሬ ልጅ፣ ሰዓት ይያዝ፣ የቀደመው ይሂድ። ግሩም። ግን አርስቶትል ያላነሣው አንድ ነገር አለ። ዋሽንት ያለው በአንድ ቤት ብቻ ቢሆንስ? ከዚያ ቤት ውጭ ማን አሳምሮ እንደሚነፋ በምን ይታወቃል?

የእኛ የዋና ታሪክ ይኼው ነው። እስቲ ከፔዳ ግቢ ወጥተን ወደ ታና እንይ። ሦስት ሺህ ያህል ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ውኃ ከደጃችን ተኝቷል፤ ዐባይ ከዚያው ወጥቶ በከተማችን መካከል ያልፋል። ከእኛ መካከል ግን ዋና የሚችል ስንቱ ነው? «ታና አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ» ተብለን ነው የምንነገረው፤ ምክሩም ትክክል ነው፤ በሽታው በሐይቁ ዳርቻ አለና። ጉማሬም አለ። ንጹሕ ገንዳ ያለው ሆቴል ዘንድ ነው፤ ይኸውም በገንዘብ ነው። ውኃውን በርግጥ የሚያውቁት የደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ዓሣ የሚያጠምዱት ናቸው። የወይጦ ልጅ ታንኳ ላይ ነው የሚያድገው። ከእነዚያ ልጆች መካከል መቶ ሜትርን ከደቂቃ በታች ሊዋኝ የሚችል አለ ወይስ የለም? ሰዓት የያዘላቸው ማን ነው? ፌዴሬሽን የሚባል ነገር መኖሩንስ ማን ነገራቸው?

ስለዚህ በዚያ ክረምት «ከእርሱ የሚሻል ጠፍቶ ነው ወይ?» ብለን ስንጮህ በመጠኑ ራሳችንን ሸንግለናል እላለሁ። ጠፍቶ ላይሆን ይችላል፤ ግን አልፈለግነውም፤ ገንዳም አልቆፈርንለትም። ጭልፋው አንድ ብቻ በሆነበት ቤት ጭልፋውን የያዘው ሰው ለልጁ ቢቀዳ ያሳዝናል እንጂ አይገርምም። መርማሪ ቢቋቋምም፣ ፕሬዚደንት ቢለወጥም ጭልፋው ያው አንድ ነው፤ ቀጣዩም ባለ ጭልፋ ልጅ ይኖረዋል። በኦሊምፒክ ደንብም ቢሆን ዋናተኛ በሰዓት ማብቃት ያልቻሉ አገሮች በግብዣ ቦታ እንዲሳተፉ የሚፈቅድ ነገር አለ፤ ዓላማው ጨዋታው ባልተስፋፋበት አገር እንዲስፋፋ ነው። ደንቡ በሩን ከፍቷል፤ ከበሩ በስተጀርባ ሰልፍ እንዲኖር ማድረግ ግን የእኛ ፈንታ ነበር።

አንዳንድ ወዳጆቼ እዚህ ላይ አልማዝ አያናን ያነሡብኛል። ሮቤል ከዋኘ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 6፣ አልማዝ 10,000 ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ከ45 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። «አገር ማስጠራት ማለት ይኼ ነው!» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ እኔም ያን ቀን ያዘለለኝን ደስታ አልረሳውም። ነገር ግን አልማዝ ከባዶ ሜዳ አልበቀለችም። ከእርሷ በፊት አበበ ቢቂላ በ1952 ማብቂያ ላይ ሮም በባዶ እግሩ ከሮጠ ጀምሮ የሃምሳ ስድስት ዓመት መንገድ አለ፤ በዚያ መንገድ ላይም ስማቸውን የማናውቅ፣ በየማጣሪያው የመጨረሻ የወጡ ብዙ ሺህ ሯጮች አሉ። አንደኛ የሚወጣ ሰው እነዚያ ሁሉ ባይሮጡ ማንን ይቀድም ነበር? የመጨረሻው ሰው የውድድሩ ጉድለት አይደለም፤ አንዱ ወገኑ ነው።

የተጠባባቂው ወንበር ነገር ደግሞ ይኸውና። ቅርጫት ኳስን ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ የስፖርት መምህር እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ሲፈጥረው በክፍሉ የነበሩት ተማሪዎች 18 ነበሩ። የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት ከፍ አድርጎ አሰቀለ፣ 13 ደንብ ጻፈ፣ ተማሪዎቹንም ዘጠኝ በዘጠኝ አድርጎ ከፈላቸው። አስተውሉ፤ ወንበር ላይ የቀረ ማንም አልነበረም። ሰውየው ኋላ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲያሠለጥን 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸነፈ፤ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የበለጠ ብቸኛው አሠልጣኝ እርሱ፣ የጨዋታው አባት ነው።

እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቡድኑ ዐሥራ አንደኛ ሰው ነበርሁ። አንድ ወቅት ሙሉ ልምምድ ሳላጓድል መጥቼ የገባሁት በጠቅላላው ስድስት ደቂቃ ግድም ነው፤ እርሱም ጨዋታው ካለቀለት በኋላ። ከወንበር ሆኖ ሲያዩት የዋናተኛው የመጨረሻነት ቅንጦት ይመስላል፤ እርሱ ቢያንስ ውኃ ውስጥ ገብቷል፣ ሰዓቱም ተይዞለታል፣ ግድግዳውንም በእጁ ነክቷል። ወንበር ላይ የቀረው ግን አንደኛም መጨረሻም አይደለም።

ዘንድሮ ስለዚሁ ከክፍላችን ልጆች ጋር ዶርም ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። እኔ ያልሁት፣ በተማሪ ውድድር ወቅቱን ሙሉ የተለማመደ ሁሉ ጨዋታው ገና ሳይለይለት መግባት አለበት ነው፤ በሃያ ነጥብ ተመርቶ ካለቀ በኋላ ማስገባት ምጽዋት ነውና። የቡድናችን አምበል አልተቀበለኝም። «አምስቱ የሚያሸንፉትን ጨዋታ በአንተ ፍልስፍና ላሸነፍ?» አለኝ። «አዎን፣ አንዳንዴ» አልሁት። ቅዳሜ ግጥሚያ አለን፤ ማን እንደሚሰለፍ እስከ አሁን አልተናገረም።