ርስት ወይስ ጉልት?

በጃናሞራ የምትገኘው መካነ ብርሃን ስሟ የብርሃን ስፍራ ማለት ነው። ካሜራ የሚለቅመውም ብርሃንን ነው፤ ከሰሜን ተራሮች ገደል፣ ከጭላዳው መንጋ፣ ወደ ጎንደርም ሲወርዱ ጥር 11 ከሚባረከው ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የተለቀመ ብርሃን ዛሬ እንደ ሹተርስቶክ ባሉ ድረ ገጾች ይሸጣል። ገዢው የሚከፍለው ለመጠቀሚያ ፈቃድ ስለሆነ አንዱ ቪዲዮ ለብዙዎች ደጋግሞ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ይገባል። ሰው በላቡ ይብላ ብሎ በሚያምን ሕዝብ ዘንድ ይህ ገቢ ንጹሕ ነውን?

እንቅልፉ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ቀፎ የሰቀለ ገበሬ እርሱ ሲያርፍ ንቦቹ ማር ይሠሩለታል፤ ማንም ግን ሰነፍ አይለውም፤ ድካሙን አስቀድሞ ከፍሏልና። ዳገት ወጥቶ፣ በውርጭ ቆሞ የጠዋት ጮራ የጠበቀ ቪዲዮ ቀራጺም እንዲሁ ነው። የሚሻለውን ጥያቄ የምናገኘው ከመሬት ታሪካችን ነው። ባለርስቱ በአባቶቹ መሬት ላይ ያርስ ነበር፤ ባለጉልቱ ግን ሌላው ካረሰው ግብር ይቀበል ነበር። ጉልት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። በጉልት የከፋው የተቀባዩ ማረፍ ሳይሆን ያረሰው ሰው ፈቃዱን አለመጠየቁ ነው።

ገደሉና ጭላዳው ቢቀረጹ የሚጎድልባቸው የለም፤ ያ ገቢ ለቀራጺው እንደ ርስት ነው። የጥምቀት ምስል ግን ሌሎች አራሾች አሉት፤ ዜማውንና ዝማሜውን ለመማር ዕድሜያቸውን የሰጡ ሊቃውንት፣ ነጭ ለብሰው የወጡ ምእመናን። «በዓሉ በአደባባይ ነው፣ ሕጉም ይፈቅዳል» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለፈቃዱ መሸጥን ከልክሎ፣ በአንቀጽ 28 በአደባባይ የተደረገን ሥነ ሥርዓት ከክልከላው ያወጣል። ነገር ግን ያ ነጻነት የተሰጠው ለበዓሉ ምስል ነው። የካህኑ ፊት ከበዓሉ ተቆርጦ ለባንክ ወይም ለቡና ማስታወቂያ ሲውል ምክንያቱ አብሮ ይቆረጣል። «ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ማን ይጠየቃል?» ለሚልም መልስ አለ፤ ሩቅ የሚታየውን ሕዝብ ሳይሆን ፊቱ ጎልቶ የወጣውን። ድረ ገጾቹ ራሳቸው ማስታወቂያ ላይ ለሚውል ፊት የተፈረመ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የሕዝቡ ድርሻ ደግሞ በደብሩ በኩል፣ እንደ አስራት ሊመለስ ይችላል።

በከተራ ሌሊት ታቦቱን ከበው ሳይተኙ የሚያድሩ ሰዎች አሉ፤ ምስላቸው ለተኛ ሰው ገንዘብ ያመጣል። ያ ሰው ሲነቃ አስፈቅዷቸውና ድርሻቸውን ለይቶ ከሆነ እንጀራው የላቡ ነው። ረስቷቸው ከሆነ ግን በአዋጅ የቀረውን ጉልት በካሜራ መልሶ ተክሎታል።