ሐላልን መተው እና ሐላልን መከልከል



ባለፈው ሳምንት ከዙህር ሶላት በኋላ አንድ ወንድም ክንዴን ይዞ ወደ መስጊዱ ጥግ ወሰደኝና «ሥጋ ትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እውነት መሆኑን ነገርኩት። «ታዲያ አላህ የፈቀደልህን ማን ከለከለህ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚጠይቀኝም እሱ ብቻ ስላልሆነ መልሴን በዚህ ገጽ ላይ ለማቅረብ ወሰንኩ።

የምኖረው በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት በአረፋ በዓል ሰሞን ነው። ካራ የከብት ገበያ ሄጄ በግ ስገዛ እግራቸው ተጠፍሮ መኪና ጣሪያ ላይ የተጫኑ በጎች አየሁ። በበዓሉ ዕለት ደግሞ በሰፈራችን አንድ ሰው በዶለዶመ ቢላዋ ሲያርድ፣ ተራውን የሚጠብቀው ሌላ በግ አጠገቡ ታስሮ ያይ ነበር። ቢስሚላህ ተብሏል፤ አላሁ አክበርም ተብሏል። ነገር ግን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለእርድ ስንነሳ ቢላዋችንን እንድንስልና እንስሳውን እንዳናሰቃይ ማዘዛቸውን ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እናውቃለን። ከዚያ ቀን በኋላ ሥጋ አልወርድልኝ አለ። ቤት ውስጥ በአዘቦት ቀን ሥጋ መሥራት ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ሥጋ ሐራም ነው አላልኩም፤ እንዲህ ከማለትም በአላህ እጠበቃለሁ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ፣ የፈቀደልንን መልካም ነገር በራሳችን ላይ እርም እንዳናደርግ አስጠንቅቆናል። በሱረቱ ተሕሪም መጀመሪያም፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤቶቻቸውን ለማስደሰት ሲሉ የተፈቀደላቸውን ነገር በራሳቸው ላይ በመከልከላቸው ጌታቸው አርሟቸዋል። ይህ ለእሳቸው ከተባለ እኔ ማን ነኝ?

ይሁን እንጂ መተውና መከልከል ለየቅል ናቸው። በአንድ ማዕድ ላይ ደብ የሚባለው የበረሃ እንሽላሊት ተጠብሶ ሲቀርብ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ሐራም እንደሆነ ቢጠይቃቸው፣ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን በአገራቸው ያልለመዱት ስለሆነ ነፍሳቸው እንዳልፈቀደው ነገሩት። ኻሊድም እሳቸው እያዩት በላ። አንዱ ተወ፤ ሌላው በላ፤ ማዕዱ ግን አልተበተነም። ዑመር ኢብኑል ኸጣብም (ረ.ዐ.) ሥጋ እንደ መጠጥ ሱስ እንደሚሆን ማስጠንቀቃቸውን ኢማሙ ማሊክ በሙወጧ ዘግበዋል። እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደነገሩን ደግሞ በነብዩ ቤት እሳት ሳይነድ፣ በተምርና በውሃ ብቻ ወራት ያልፉ ነበር።

በታሪካችን ከልክ ያለፈም አለ። እ.ኤ.አ. ከ973 እስከ 1057 የኖረው ዓይነ ስውሩ የሶሪያ ባለቅኔ አቡል ዓላእ አል-መዓሪ ዕድሜውን አጋማሽ በላይ ሥጋ አልቀመሰም፤ ወተት፣ እንቁላልና ማርም ትቷል። አል-ሙአየድ አሽ-ሺራዚ የተባለ የፋጢሚዮች ዳዒ ምክንያቱን እንዲያስረዳው በደብዳቤ ሞግቶታል። የባለቅኔው ርኅራኄ ልብ ይነካል። ነገር ግን ርኅራኄ የፈጣሪን ፍርድ እስከ መሞገት ከደረሰ ወሰኑን አልፏል። በእኛ ቤት ወተቱም፣ እንቁላሉም አለ፤ ሽሮው ላይም ቅቤ ጠብ ይደረጋል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። እናቴ የወሎ ልጅ ናት። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሱ ሲያዙ ሕዝቡ ያየውን መከራ ከአያቶቿ ሰምታ ያደገች ናት። በአገራችን የማን እጅ ያረደውን ትበላለህ ማለት የማን ነህ ማለት ሆኖ ኖሯል። ዛሬም ሥጋ ቤቶቻችን የሙስሊምና የክርስቲያን ተብለው ይለያሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት በአረፋ ቀን ከጥብሱ ጠቅልላ ስታጎርሰኝ «ተይኝ፣ እማዬ» ብዬ ፊቴን ባዞር፣ «ልጄ፣ አያቶችህ ለዚህ ሥጋ ስንት አይተዋል» አለችና እሷም ሳትበላ ዋለች።

ያን ዕለት ማታ ራሴን መረመርኩ። ለበግ ያዘነው ልቤ ለእናቴ አላዘነም። ከዚህም የባሰ ነበር፤ ወንድሞቼ ሲበሉ እያየሁ ከእነሱ የተሻልኩ ይመስለኝ ነበር። ይህ ኪብር ነው። አንድ ኪሎ ሥጋ ትቶ ሙሉ ኪብር መሸከም ምን ዓይነት ንግድ ነው?

ሌላም አስተማሪ አገኘሁ። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ የሚወርዱ እናቶችን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። ከመካከላቸው አንዲት ሙስሊም እናት በበራችን ሲያልፉ ውሃ ይጠጣሉ። ሥጋ የሚበሉት መቼ እንደሆነ ብጠይቃቸው «አረፋ ላይ፣ ሰው ከሰጠን» አሉኝ። ለእኔ ሥጋ መተው ምርጫ ነው፤ ለእሳቸው ዕጣ ነው። እኔ ለእንስሳ አዝኛለሁ ብዬ ኡድሒያን ብተው የነጠቅሁት ከማን አፍ ነው? በሐነፊዮች ዘንድ ለቻለ ሰው ዋጂብ፣ በሻፊዒዮች ዘንድ ደግሞ የጠበቀ ሱና የሆነው ኡድሒያ የድሃ ድርሻ አለበት። አላህ ዘንድ የሚደርሰው ሥጋውና ደሙ ሳይሆን ተቅዋችን መሆኑን ቁርኣን በሱረቱል ሐጅ ነግሮናል። ሥጋው የሚደርሰው ለድሃ ነው።

የአዘቦቱ ማዕዳችን ግን ያላሰብነውን በረካ አመጣልን። ግድግዳ የምንጋራቸው ክርስቲያን እናት አሉ። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በዓመት 180 ያህል ቀን ይጾማሉ። ቀድሞ ቤታችን ሲመጡ ለብቻ ድስት ይጣድላቸው ነበር። አሁን ከሾላ ገበያ የመጣውን ጎመን፣ ምስሩንና ክኩን ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ በጾማቸው ቀን ቅቤው በዘይት ይተካል። ይህን ስል ሥጋው መለየቱን መንቀፌ አይደለም። በሥጋ የምንለያይ ሰዎች በሽሮ መገናኘታችን ግን ደስ ይለኛል።

አምና ቢላዋዬን ራሴ ሳልኩ። በጉን ከሌሎቹ ዓይን ከልዬ፣ ውሃ አጠጥቼ፣ በእጄ አረድኩ። ጭራሮ ተሸካሚዋ እናት ድርሻቸው ደረሳቸው። እናቴም እንደ ልማዷ ጉርሻዋን ጠቅልላ ዘረጋችልኝ። ጎረስኩ። ሥጋው ዛሬም አይጥመኝም፤ የእናቴ ፊት ግን በራ። በማግስቱ ወደ ምስራችን ተመለስን።

እንግዲህ ክንዴን የያዝከኝ ወንድሜ፣ ማንም አልከለከለኝም፤ እኔም ማንንም አልከለክልም። አንተ ብላ፤ ሐላልህ ነው። ብቻ ያ በግ እንዴት እንደተጫነና እንዴት እንደታረደ ጠይቅ። እኔንም፣ ከሥጋ የተረፈው ገንዘብ የት እንደገባ ጠይቀኝ። ሁለታችንም የምንጠየቅበት ቀን አለና።

ወላሁ አዕለም።