ኮርቻውን ማን ሠራው?

ስለ ልጆቻችን የሙያ ትምህርት ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ስብከት
ንባባት፦ ሲራክ 38፥24-34፤ ማር. 6፥1-6



በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር የሁላችንም ዓይን በፈረሱና በጋላቢው ላይ ያርፋል። ወደ ዓድዋ የዘመቱትን አባቶች እያስታወስን፣ ፈረሱ ሲሰግር እልል እንላለን፤ የጋላቢውንም ስም እየጠራን እናሞግሳለን። ኮርቻውን የሠራውን፣ ቆዳውን ያለፋውን፣ ልጓሙን የቀጠቀጠውን ሰው ግን ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነገር ግን ኮርቻው በሚገባ ያልተሠራ ቢሆን ኖሮ ያ የምናሞግሰው ጀግና በሜዳው መካከል በወደቀ ነበር።

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተሰማ ሰሞን አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኔ ቀርበው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባ፣ ልጄ ወደቀ» አሉኝ። አነጋገራቸው የሐዘን ቤት አነጋገር ነበር። ልጁ ከቤት መውጣት እንደተወ፣ እሳቸውም ለጎረቤት የሚሉት እንደጠፋባቸው ነገሩኝ። «ወደቀ» የሚለውን ቃል በኃጢአት ለተሰነካከለ፣ በጦር ሜዳም ለቀረ ሰው እንናገረዋለን። ጥቂት ነጥብ ለጎደለው የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ይህን ያህል ከባድ ቃል ስለምን እንጭንበታለን?

ቁጥሩን እንመልከት። ለፈተናው ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ብቻ ነበሩ። በማካካሻ ትምህርት በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡ መኖራቸው እውነት ነው፤ ሆኖም በእነዚህ አራት ዓመታት ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት ማለፊያውን አላገኙም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቶ የብዙ ልጆችን ዓመታት አባክኗል። ታዲያ እነዚህን ሁሉ «የወደቁ» ብለን ብንጠራቸው፣ ቆሞ የሚቀረው ማን ነው?

ጠቢቡ ሲራክ ራሱ የመጽሐፍ ሰው ነበር። ጥበብን ለመማር ዕረፍትና ጊዜ እንደሚያስፈልግ ከተናገረ በኋላ ግን ፊቱን ወደ አራሹ፣ ማኅተም ወደሚቀርጸው፣ በእሳት ወላፈን ፊት ወደሚደክመው ብረት ሠሪና መንኰራኩሩን በእግሩ ወደሚያዞረው ሸክላ ሠሪ ይመልሳል። እነዚህ በሸንጎ ባይጠሩም፣ ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይቀና ይመሰክራል፤ የእጃቸውም ሥራ ጸሎታቸው እንደሆነ ያስተምረናል። ሊቅ የሆነ ሰው የእጅ ባለሙያውን እንዲህ ካከበረ፣ እኛ ልንንቀው ከየት ሥልጣን አገኘን?

ወንጌሉም ከዚህ የጠለቀ ነገር ይነግረናል። ጌታችን በአገሩ በናዝሬት ሲያስተምር ሰዎቹ ተደነቁ፤ ወዲያው ግን ጸራቢ መሆኑን፣ ቤተ ሰቡንም እንደሚያውቁ እያነሡ ተሰናከሉበት። ወንጌላዊው ማርቆስ ባለማመናቸው ምክንያት በዚያ ብዙ ተአምር ሊያደርግ እንዳልቻለ ጽፏል። እንግዲህ ናዝሬት በእጅ ሠራተኛው ላይ የነበራት ንቀት በረከቷን አስቀረባት። ዓለምን የፈጠረው አምላክ ሰው በሆነ ጊዜ በመጋዝና በመጥረቢያ እንጀራውን መብላትን አላፈረበትም።

በአገራችንም ይህ ንቀት የቆየ ቁስል ነው። ብረት የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ሸማ የሚሸምነው ሁሉ በስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በጎረቤታችን በባሕር ዳር የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ተመሠረተ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከዐሥረኛ ክፍል በኋላ የሙያ ሥልጠናን መንገድ በሰፊው ከፈተ። ነገር ግን ከፍተኛ ነጥብ ያመጣው ወደ መሰናዶ፣ የቀረው ወደ ሙያ ሲመደብ በመኖሩ፣ ሕዝባችን የሙያ ኮሌጅን የተረፉ ልጆች ማቆያ አድርጎ ማየትን ለመደ። ያ የዐሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል፤ አስተሳሰቡ ግን ዛሬም በየቤታችን አለ።

የሚያስገርመው፣ አማርኛችን ራሱ ይፈርድብናል። «ሙያ በልብ ነው» እንላለን፤ ወጥ የምታሳምረውን ሴት «ባለሙያ» ብለን እናመሰግናለን። በቤት ውስጥ ክብር የሆነው ቃል፣ በኮሌጅ በር ላይ ሲጻፍ ውርደት የሚሆነው ስለምንድን ነው?

የተወደዳችሁ ወላጆች፤ በእንጅባራና በዳንግላ ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሩቅ አይደሉም። ሥልጠናው ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያድግ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ሠልጣኙ «ሲኦሲ» የምንለውን የብቃት ምዘና ያልፋል፤ የበረታም እስከ ዲግሪ ይደርሳል። በትብብር ሥልጠናው ደንብ መሠረት ከሥልጠናው ጊዜ ሰባ ከመቶው በሥራ ቦታ፣ ሠላሳው በኮሌጅ እንዲሆን ታስቧል። ይህም ማለት ልጁ ከመምህሩ ይልቅ በጋራዡ፣ በእንጨት ቤቱና በግንባታው ቦታ ከሚያገኛቸው ሰዎች ይማራል ማለት ነው።

አገራችንም ሥራ የሚጠይቅ አገር ነው። የአዊ ደጋ ቀርከሃ በሰለጠነ እጅ ወንበርና አልጋ ይሆናል። በፋግታ ለኮማ ብዙ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክለው በከሰሉ ኑሯቸውን አሻሽለው ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን በሽታ ገባበትና ብዙዎች ተጨነቁ። በአንድ ዛፍ ላይ የተደገፈ ቤት ከዛፉ ጋር ይናጋል፤ ሙያ የተማረ እጅ ግን አንዱ ሥራ ሲጎድል ወደ ሌላው ይሸጋገራል።

ነገር ግን ሁሉን ቀላል አድርጌ ብናገር እውነትን እሸሽጋለሁ። ሠልጥነው መሣሪያ መግዣና መሥሪያ ቦታ ያጡ ወጣቶች በመካከላችን አሉ። ስለዚህ ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቈጥር ያስተማረውን (ሉቃ. 14፥28) እንፈጽም። ልጁን ወይም ልጅቱን ከማስመዝገባችን በፊት እንጠይቅ፦ ልቡ ወደ የትኛው ሥራ ያዘነብላል? በመሥሪያ ክፍሉ መሣሪያው አለ ወይ? ልምምዱን ከማን ዘንድ ያደርጋል? ሲጨርስ ይህን ሥራ የሚፈልግ ሰው በከተማችን አለ ወይ? ለሴት ልጅም ከስፌት ሌላ ያለውን በር አንዝጋባት፤ የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት ወይም የእንስሳት ጤና ለእርስዋ አይሆንም ያለ ሕግ የለም።

እናንተም ሠልጣኞች፣ ሙያ የሕሊና ነገር መሆኑን አትርሱ። በገንዘብ የተገኘ ምስክር ወረቀት ውሸት ነው። ጥራት የሌለውን ሽቦ በግድግዳ ውስጥ ቀብሮ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የተኙ ልጆች ያሉበትን ቤት ለእሳት አሳልፎ ሰጥቷል። ማንም የማያየውን ማሰሪያ አጥብቆ የሚያስር ግን በእውነት ይጸልያል።

ቤተ ክርስቲያንስ ምን ታድርግ? ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በቶሪኖ ከተማ ድኾች ወጣቶችን ሰብስቦ ካቴኪዝም ብቻ በማስተማር አልተወሰነም። በ1852 እ.ኤ.አ. አንድ ወጣት ከአንድ አናጢ ዘንድ ሲቀጠር የሥራ ውል አስጽፎ ራሱ ፈረመበት። አናጢው ሙያውን በሚገባ ሊያስተምረው፣ በዱላ ሳይሆን በቃል ሊገሥጸው፣ ከሙያው ውጭ ላለ ጉልበት ሥራ እንዳያውለው፣ በበዓላት ሊያሳርፈውና ደመወዝ ሊከፍለው፤ ወጣቱም ሊታዘዝና ሊተጋ ተስማሙ። ካህኑ በመካከላቸው ዋስ ሆኖ ቆመ።

ይህን እኛም ማድረግ እንችላለን። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በየቁምስናችሁ ፈተና አልፎ ያልመጣላቸውን ወጣቶች በስም ታውቃላችሁ። ወደ ቤታቸው ሂዱ፤ ካንገታቸው ቀና አድርጓቸው። ከምእመናን መካከል ጋራዥ፣ እንጨት ቤት ወይም የብረት ሥራ ያላቸውን ፈልጋችሁ አንድ ለማማጅ እንዲቀበሉ ለምኑ። ቁምስናውም ዋስ ይሁን። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት እንዳስተማሩት፣ ሥራ የሚከበረው ሠሪው ሰው በመሆኑ ነው፤ በሥራው ዓይነት አይደለም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1955 እ.ኤ.አ. የሠራተኛውን የቅዱስ ዮሴፍን በዓል ሜይ 1 ቀን እንዲከበር ሠሩ፤ እርሱም በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 23 ነው። በጥር 23 ፈረሰኛውን እናከብራለን፤ በሚያዝያ 23 ደግሞ ኮርቻ ሠሪውን እናስብ። በዚያ ቀን ወጣቶቻችን መዶሻቸውን፣ መርፌያቸውንና መፍቻቸውን ይዘው ወደ መቅደሱ ይምጡ፣ ይባረኩም። ያ ከቤት መውጣት የተወው ልጅ ከመካከላቸው እንዲገኝ እናቱ ብቻቸውን አይለምኑ፤ ሁላችን እንጥራው።

በናዝሬት መጋዝ የያዘው ጌታችን የልጆቻችንን እጅ ይባርክ። አሜን።